አንድ መስፈርት

መምህር ይበልጣል ጠመኔ ሰበረ፤
«የምደባ ድርሰት» ጽፎ ጀመረ።
«ነገር ምረጡና፣ ብዙ ዓይነት ያለው፣
መስፈርት አንድ ያዙ፣ ይኸ ነው የምለው!
በመልክ የጀመረ በመልክ ይጨርስ፤
ከዋጋ ተነሥቶ ወደ መልክ አይመለስ።
ሁሉም ቦታ ያግኝ፣ አንድም አይትረፍ፤
አንዱ በሁለት ምድብ እንዳይሰለፍ።
ለሰኞ ይድረሰኝ።»
ደወሉ ተደወለ።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ደብተሬን በፌስታል ጠቅልዬ ወረድሁ፤
ከዓሣ ማውጫው ዳር፣ ከተገለበጠች ጀልባ ሆድ ላይ ተቀመጥሁ።
ጣና ጭጋጉን ገና አልገለጠም፤
ደሴቶቹ ውሃ ይሁኑ ሰማይ፣ አልለየም።

አክስቴ ዘምዘም ካራዋን ስላ
ሦስት ቅርጫት ደርድራለች፤
ቀረሶ ከግራ፣ አምባዛ ከቀኝ፣
ነጭ ዓሣ ከመሐል።
«በምንድን ነው የምትለዪው?» ስላት
እጇ አላረፈም፦
«በቅርፊት ነዋ! አምባዛ ልሙጥ ነው፤
ቅርፊት የለውም ብሎ የሚጠየፈው ብዙ ነው።»
ጻፍሁ፦ መስፈርት፣ ቅርፊት።
ወዲያው ግን ትልልቁን ቀረሶ ለሆቴል አለችው፣
ትንንሹን ለጉልት፤
ጀርባው የተቀደደውን ለፔሊካኑ ወረወረችው፣
እንደ ሩቅ ዘመድ በየጠዋቱ ለሚመጣው።
ሰረዝሁ። ቅርፊት፣ መጠን፣ ዝምድና፤
መምህር ይበልጣል ቢያርማት
አክስቴ ወደቀች በፈተና።

ከምርምር ማዕከሉ የመጣ ልጅም አለ፣ ጓንት ያጠለቀ፤
የነጭ ዓሣን አፍ በማስመሪያ እየለካ የተጨነቀ።
«ይኸ ከንፈረ ወፍራም፣ ያ አፉ ወደ ላይ የተከፈተ፣
እንዴት አንድ ቅርጫት ገቡ?» እያለ ተሟገተ።
«ልጄ፣» አለች ዘምዘም፣ «አፉን ትተህ ሥጋውን ቅመስ፤
ሁሉም ነጭ ዓሣ ነው መጥበሻ ሲደርስ።»
ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ይኸው ነው የቸገረኝ፤
ምድቡ ስለ ዓሣው ሳይሆን ስለ መዳቢው ነገረኝ።

ከደንገሉ ጥግ አያቴ እንድሪስ ታንኳ ያስራል፤
እርጥቡን ከደረቁ በመዳፉ ይመረምራል።
«አያ፣ እኛንስ» አልሁት፣ «ሰዉ በምን ነው የመደበን?
ብርጭቋችን ለብቻው፣ ከመደርደሪያ ውጭ የሚቀመጠው በምን?»
ገመዱን በጥርሱ እንደያዘ ሳቀ፦
«በምሳችን።»
ከዚያ ገመዱን ለቀቀ።
«የኔ አያት ጉማሬ በላ። እኔ አንዴ ቀምሻለሁ፣ ልጅ ሆኜ።
አባትህ አልቀመሰም።
አንተ ጉማሬ ያየኸው ከዓባይ ድልድይ ላይ ቆመህ ነው።
ምሳው ካለቀ ስንት ዘመኑ!
መዳቢው ግን መስፈርቱን አልለቀቀም።»

ይኸን ድርሰት ሌሎች ከኔ በፊት ጽፈውታል፤
ያለ ጠመኔ፣ ያለ ሰሌዳ፣
በሠርግ ቤት ደጃፍ፣ በውሃ መቅጃ፣ በመቃብር ዳር።
በአንድ መስፈርት ጀምረው በአንድ ጨረሱ፤
ሁሉም ቦታ አገኘ፣ አንድም አልተረፈ፤
አንዱም በሁለት ምድብ አልተሰለፈ።
በመምህር ይበልጣል ሕግ ቢታረም
ሙሉ ነጥብ ነው።

እሑድ ማታ ስለ ዓሣ ጻፍሁ። ስለ ዓሣ ብቻ።
ሦስት አንቀጽ፣ አንድ መስፈርት፣ ንጹሕ መዝጊያ።
ምሳችንን አልነካሁም።
እጄ ግን ከወረቀቱ አልነሣ አለ፤
ከግርጌ አንዲት መስመር ጨመርሁ፦
«በዚህ ድርሰት ሳይመደብ የቀረ አንድ አለ፤ እሱም መዳቢው ነው።»

ረቡዕ ደብተሬ ተመለሰ፣ ሰባት ከአሥር፤
«መስመሩ ከርእሱ ውጭ ነው» ይላል ቀዩ ብዕር።
አልሰረዘውም ግን።
ከገጹ ጥግ የቀረሶ ቅርፊት ተጣብቆ ኖሯል፣
ሳላየው የደረቀ፣ የጥፍር ያህል፤
መምህር ይበልጣል ዙሪያውን በቀይ ከቦታል።
ስሕተት ማለቱ ይሁን፣ ሌላ፣
አልጠየቅሁትም።
ቅርፊቱንም እስካሁን አላነሣሁትም።